ወደ ነባሪው መልስ

መስከረም 18

ለተከበርሽ የእህቴ ልጅ፣ ለቁንጥጫ፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? ብርዱስ ለመደሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የጽሕፈት ሱቃችን እንደቆመ ነው፤ ማተሚያው አንዳንዴ ወረቀት ቢውጥም ጎኑን በጥፊ መታ ሲያደርጉት ይተፋል። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። እናትሽም ደህና ናት።

ይህን ያህል ዘመን ሳልጽፍ ቆይቼ በድሮ ስምሽ ስጠራሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ስለሆንኩ መብቱ አለኝ። ሕፃን ሆነሽ አንዴ የያዝሽውን ሥጋ ሳታዞሪ አትለቂም ነበር፤ ክንዴ ላይ ምልክቱ ስንት ጊዜ ቆይቶ ጠፋ መሰለሽ።

ሰሞኑን አንድ ወሬ ሰማሁና ኮራሁብሽ። እኛ ሱቅ የምንጽፍበት የጽሑፍ ፕሮግራም የእገዛ ገጾቹን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ። ሰው ሴቲንጉን እንደ ፍላጎቱ ሊለውጥ ሲል ጎኑ ላይ ብቅ ብሎ «ይህ ማለት እንዲህ ነው» የሚለው ሳጥን የአንቺ ቃል ነው ማለት ነው? እኔማ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ካነሳሁት አይቀር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሴቲንግን «ቅንብር» ብላችሁታል። ቅንብር የዘፈን አይደለም ወይ? መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሙዚቃ የሚከፍት መስሎኝ ድምፁን ቀንሼ ነው የተጫንኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። አጠገቤ እየተቀመጠ ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ ሲያርም «ፊደሉ አነሰብኝ» እያለ ይነጫነጫል። ቅንብሮቹን ብከፍት ዝርዝራቸው ማለቂያ የለውም። እኔ በበኩሌ ምንም አልቸገረኝም፤ ለሰውየው ብዬ ነው። የት ጋ ተጭኜ ፊደሉን እንደማሳድግለት በሁለት ቃል ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 2

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ማተሚያውም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ እያየሁት ነው የከረምኩት።

ስለ ሥራዬ ስለጠየቁኝ ልንገርዎ። የምንሠራው ጠረጴዛዎቹ ፊት ለፊት በተጋጠሙበት ረጅም ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቤ ነዳፊው ይቀመጣል። የእገዛው ሳጥን የት ብቅ እንደሚል፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ሰውየው ሲበቃው በምን እንደሚዘጋው የሚወስነው እሱ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ቃል የእኔ ነው። ከሁለት መሥመር በላይ አይፈቀድልኝም። በሁለት መሥመር ውስጥ ቅንብሩ ምን እንደሚያደርግ፣ ቢለውጡት ምን እንደሚሆን፣ ቢጸጸቱ በምን እንደሚመለሱ ማስገባት አለብኝ። ነዳፊው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ አንድ ነጥብ ወደ ግራ ለማስጠጋት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይከራከረኛል።

ከክፍላችን ጥግ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች። ሰዎች እዚያ ይቀመጡና ፕሮግራሙን ሲሞክሩ እኛ ከውጭ እናያለን። እገዛ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ዞር ዞር ብሎ ያያል። ማንም እንዳላየው ካረጋገጠ በኋላ ነው የጥያቄ ምልክቷን የሚጫናት። ሲወጣ ብንጠይቀው ደግሞ «እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር፣ ለሌላ ሰው ብዬ ነው» የሚል አይጠፋም።

ስለዚህ ከመመለሴ በፊት ጠያቂውን ማወቅ አለብኝ። ይህ ደንበኛዎ ማን ነው? ፊደሉ የሚያንስበት ሁልጊዜ ነው ወይስ ሲመሽ? መነጽሩን በየደቂቃው እያወለቀ ይጠርጋል? «ቆሽሾ ነው» ይላል?

የራሴም ጥያቄ አለኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ አሁን የሚቀመጠው ማን ነው? እማዬስ የት ነው የምትቀመጠው? በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ብቻ ትለኛለች። ስልኩ ያለው እናንተ ሳሎን ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊወጣት እንደማይችል አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ልብዎን አይቶ እንደ ልብዎ ይስጥዎ።

የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 14

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ነው ይህን የምጽፍልሽ። እንደምን አለሽልኝ? ምርቃትሽንም አየሁት፤ ደግሜም አየሁት። ጥሩ ምርቃት ነው መሰለኝ።

ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ ካንቺ የሚደበቅ ነገር የለም። ደንበኛ የሚባል የለም። እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከአባታችን የወረስነው ዓይን ነው አለኝ። መነጽሩ ብዙ እንደማይረዳኝ፣ ከእንግዲህ ፊደሉን እያሳደግሁ መሥራት እንዳለብኝ ነገረኝ። ለእሱ «አሳድገው» ማለት ቀላል ነው።

የመስኮቱ ወንበር ላይ የምቀመጠውም እኔ ነኝ። እዚያ ትቀመጥ የነበረችው የባለቤቴ እህት ትታን ሄደች። ሄደች ስልሽ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱን ተሻግራ ልክ ፊት ለፊታችን የራሷን የጽሕፈት ሱቅ ከፈተች። ደንበኞቼን በፈገግታ እየጠራች ግማሾቹን ወሰደቻቸው። የማስታወቂያ ሰሌዳዋ ፊደል ደግሞ የግድግዳ ያህል ነው። ከዚህ ወንበር ሆኜ አጥርቼ የማነበው ጽሑፍ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ይህም ያቃጥለኛል።

ባለፈው ሳምንት ምን እንደደረሰብኝ ልንገርሽ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ታዘዝኩ። «ከነቤተሰብዎ እንዲመጡልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» የሚል ነው፤ ስንት ጊዜ ስጽፈው የኖርኩት ቃል። ጻፍኩት፣ አየሁት፣ ደህና መሰለኝ፣ አተምኩት። ባለቤቴ አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ የሙሽራዋ አባት ካርዱን እያውለበለበ መጣ። «እንዲመጡልን» ያልኩት «እንዲወጡልን» ሆኗል! «ሰው ጠርተን ከነቤተሰቡ ልናባርር ነው?» ብሎ ሱቁን በጩኸት ሞላው። «መ» እና «ወ» ስክሪኑ ላይ አንድ ሆነውብኛል ልጄ። የፊት ለፊቷ ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር።

በዚያው ብሽቀት ቅንብሩን ራሴ ላስተካክል ተነሳሁ። ስፈልግ ስፈልግ «ወደ ነባሪው መልስ» የሚል አገኘሁ። እኔ ነባር ሠራተኛ እንጂ ነባሪ የሚባል አላውቅም፤ ግን «መልስ» ማለቱን ወደድኩት። ወደ ድሮው የሚመልሰኝ መስሎኝ ተጫንኩት። የባሰውን አመጣው! ሴትዮዋ ስትሠራበት አስተካክላው የነበረው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ትንሽ ከፍ ያለው ፊደል እንኳ ወርዶ ጉንዳን አከለ።

ፊደሉን ማሳደግ ካልቻልኩ ሱቁን መዝጋቴ ነው። አልደብቅሽም። እባክሽ የት ጋ እንደምጫን ብቻ ንገሪኝ።

እናትሽ ደህና ናት።

አጎትሽ

*

ጥር 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። «እንዲወጡልን» የሚለው ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ነዳፊው ደንግጦ ቀና አለ። ምንም አይደለም ብዬው እንደገና ሳቅሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ጋሼ። ይህን በመጻፌ አላፍርም፤ አፌን ሞልቼ ነው የምጽፈው።

እርስዎ የማያነሱትን ነገር እኔ ላንሳው። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ወጥቼ ሱቁ በር ላይ ደርሼ ነበር። እማዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ «ወንድሜ፣ ይህን ፊደል ከፍ የሚያደርግ ነገር ውስጡ አለው ይባላል፤ እስኪ ፈልግልኝ» አለችዎት። ከሚቆጥሩት ወረቀት ቀና አላሉም። «የማሽኑን ጠባይ አታበላሺብኝ» አሉ። ቀጠሉና፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ፊደል የማይታየው ሰው ከወንበሩ ይነሳ» አሉ። አንድ ሰው ሳቀ። እማዬ ኪቦርዱን በጨርቁ ሸፈነችው፣ ማታ ማታ ስትዘጋ እንደምታደርገው። ከዚያ ተነሳች። ሳምንት ሳይሞላ የሚስትዎ እህት ተቀመጠችበት።

እርስዎ በአንድ ጣት «ሀ»ን ሲፈልጉ እሷ በጽሕፈት መኪና ዓይኗን ጨፍና ትመታ ነበር። የሱቁን ስም ያስጠሩት የእሷ ጣቶች ናቸው። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፣ የሳቀውም ሰውዬ ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ የማያውቁትን ልንገርዎ። ማሳደጊያው ያኔም ነበረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከኅዳግ ስፋት ሥር ተደብቆ። ይህን ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የፈለግሁት የድሮውን የእገዛ ጽሑፍ ነው። «የፊደል መጠን ቅንብር፦ የፊደል መጠንን ለማቀናበር ያገለግላል» ይላል። ይኸው ነው። እናቴን ከወንበሯ ያስነሳት የእርስዎ ምላስና የዚህ ዓረፍተ ነገር ስንፍና ነው። የጻፈውን ሰው በስም አላውቀውም። ግን ቦታውን ወስጄበታለሁ፤ ጽሑፉንም አንድ ቃል ሳላስቀር ደምስሼበታለሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁን እንዲህ አድርጌ ጨርሻለሁ።

የት ጋ እንደሚጫኑ አሁኑኑ በአንድ መሥመር ልጽፍልዎ እችላለሁ። አልጽፍም። በቅርቡ የፕሮግራሙ አዲስ እትም ይወጣል፤ ማሳደጊያው እዚያ ላይ ዓይን ለደከመው ሰው እንዲታይ ሆኖ ተሠርቷል። እስከዚያ ይጠብቁ። መጠበቅ እንደሚቻል ከእማዬ ይማሩ፤ እሷ ከጠበቀችው አንጻር ይህ ምንም አይደለም።

ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ሁለት ጊዜ አለፉኝ። እማዬ የት ነው የምትቀመጠው?

የእጅዎን ይስጥዎ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 29

ቁንጥጫ፣

ሰላምታ ሳላበዛ ልግባ። ይህን የምጽፈው በእጄ ነው፤ መሥመሩ ቢጣመም የንዴት እንጂ የዓይን አይምሰልሽ። እሺ፣ የሁለቱም ነው።

ደብዳቤሽን አሁን የምታነብልኝ ባለቤቴ ናት። ስለዚህ የጻፍሽው ሁሉ ቤቱ መሐል ጮክ ተብሎ ተነቧል። «የእጅዎን ይስጥዎ» የሚለው ላይ ስትደርስ ምርቃት መስሏት «አሜን» አለች። ኋላ ሲገባት ወረቀቱን ጥላ ወጣች። ስለ እህቷ ያልሽውንም ሰምታለች፤ እኔ ነኝ የነገርኩሽ ብላ ተቀይማኛለች። አሁን እንግዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ማተሚያው ብቻ ነው።

እናትሽም ሰምታለች። ወረቀቷን መቁረጧን ቀጠለች። የት ነው የምትቀመጠው ብለሽ ነዘነዝሽኝ፤ ይኸው፦ ከኋላ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ። የተበላሸውን ወረቀት እየቆረጠች እየሰፋች ማስታወሻ ታደርገዋለች። በዳሰሳ ነው የምትቆርጠው፤ አንዱም አይጣመምባትም። ማንም አላስገደዳትም። ዝም ብላ ሄዳ ተቀመጠች፣ እኔም ዝም አልኩ።

ያን ቀን ያልኩትን ብያለሁ። ደንበኛ ተሰልፎ ነበር፤ ሥራ ነው። ሰው ቢስቅ እኔ ምን ላድርግ? አፉን ልያዘው? አንድ ቃል ከአፌ ስለወጣ ዕድሜ ልኬን ልትቆነጥጪኝ ነው?

ፊት ለፊት ያለችዋን ሄጄ ብጠይቃት በደቂቃ ታሳየኛለች። አልሄድም። በሯ ላይ ቆሜ «ፊደሉ አልታየኝም» ከምላት ብታወር እመርጣለሁ። አንቺንም ሁለተኛ አልለምንም። አዲሱ እትምሽ ሲወጣ ወጣ ብለሽ ጻፊ፤ ካልጻፍሽም ተይው።

ያም ሆኖ ሰላም ሁኚ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 10

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዕቃ ቤቱ የጻፉትን አነበብኩ። ስለ እሱ አሁን ምንም አልልም፤ ጥርሴን ነክሼ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።

አዲሱ እትም ወጥቷል። ፕሮግራሙን ሲከፍቱ ከላይ በስተግራ አውራ ጣት የሚያህል «ሀ» ያያሉ። ዓይንዎ ሌላ ምንም ባያይ እሷን ያያል፤ ነዳፊውን ስንት ቀን ተከራክሬ ነው ያስተለቅኳት። የማውዙን ቀስት እሷ ላይ ያሳርፉ። መጫን አያስፈልግም። የእገዛው ሳጥን ራሱ ይከፈታል። ውስጡ አንድ ዘንግ አለ፤ ወደ ቀኝ ሲጎትቱት ፊደሉ ያድጋል። ምን ያህል እንዳደገ እንዲታይዎ ከዘንጉ ሥር አንዲት የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ተቀምጣለች። ዘንጉን በጎተቱ ቁጥር እሷም አብራ ታድጋለች። አጥርተው እስኪያነቧት ድረስ ይጎትቱ። ያኔ ልክዎን አገኙ ማለት ነው።

የምሳሌዋ ነገር ስብሰባ ተጠርቶበታል። በየቋንቋው ያሉ ጸሐፊዎች ስለ ማለዳ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ዝናብ ጽፈው መጡ። የአማርኛውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እዚህ አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። አለቃዬ «የአንቺ ስለ ምን ነው?» አለችኝ። «ስለ አንድ ሰውና ስለ ወንበሩ» አልኳት። «ደስ ይላል፣ የቤት ስሜት አለው» ብላ ፈረመችበት።

ካልሆነልዎና ሁሉም ነገር ከተምታታብዎ ደግሞ ያቺ የበፊቷ ቁልፍ አለች፣ «ወደ ነባሪው መልስ» የምትለው። ባለፈው ስላልገባዎት መግለጫዋን ስለ እርስዎ ስል እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፦ «ነባሪ ማለት ማንም ሳይነካካው በፊት በቦታው የነበረው ነው።»

ዓይንዎን ያብራልዎ። ይህንን ከልቤ ነው የምመርቅዎ፤ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

*

ሚያዝያ 3

ለተከበርሽ የእህቴ ልጅ፣ ለቁንጥጫ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ፤ ስለዚህ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ብታዪው አትገረሚ።

ያልሽኝን አደረግሁ። «ሀ»ዋን አየኋት። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ዘንጉን ያዝኩ። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። ከሥሩ ያለችው ጽሑፍ መጀመሪያ ጭረት ነበረች። ጎተትኩ፣ አደገች። ጎተትኩ፣ «ወንበሩ» የምትል ቃል ለየሁ። ያኔም አልገባኝም። ወንበር ስለሚባል ነገር እየጻፈች ነው ብዬ ጎተትኩ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ደንበኛ ማሽኑ የሚያዝዘኝ መስሎት ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ጋሼ፣ ፊደል የማይታየው ሰው ከወንበሩ ይነሳ ይላል እኮ!» አንዲት ሴት ሳቀች።

እጄ ዘንጉ ላይ እንዳለ እስከ ጫፍ ሄደ። በመጨረሻ ስክሪኑ ሙሉ «ይነሳ» የምትል ቃል ብቻ ሆነ። እሷን አጥርቼ አነበብኳት። በዚያ መጠን ካልሆነ ማንበብ እንደማልችል ያወቅሁትም ያኔ ነው፤ በዚያ መጠን ደግሞ አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ቀኑ አይበቃም።

ተነሳሁ። ከዚያ እቴቴን፣ እናትሽን፣ ለምኜ ወደ ቦታዋ መለስኳት። አሁን በሰላምና በፍቅር

ልጄ፣ እዚህ ላይ አቆምኩት። ከዚህ በኋላ ያለው የእሱ አይደለም። እኔ ነኝ፣ እናትሽ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለ ፍቅር እየተናገረ ነው፤ እኔ የፈለግሁትን እጽፋለሁ። የቁልፎቹን ድምፅ ይሰማል፣ የምጽፈውን ግን አያይም። እኔም አላይም። ልዩነታችን ጣቴ ማየት የማያስፈልገው መሆኑ ነው።

አልለመነኝም። የዕቃ ቤቱን በር ገፋ አድርጎ «ነይ እስኪ» አለኝ። «የት?» አልኩት። «ወደ ወንበሩ» አለኝ። «ጥረግልኝ» አልኩት። ሳቀ፤ የቀለድኩ መሰለው። ቆሜ ጠበቅሁት። ደንበኛው ሁሉ እያየ በመሐረቡ ጠረገው። የኪቦርዱንም ጨርቅ አንሳልኝ አልኩት፤ አነሳው። ከዚያ ተቀመጥኩ። ማንም ሳይነካካው በፊት እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ።

የሚጻፈውን የምታነብልኝ ሚስቱ ናት። ነጠላ ሰረዝ ከዘለለች አስደግማታለሁ። «እንዲመጡልን» የሚል ሲመጣ «በየትኛው ነው፣ በ‹መ› ነው በ‹ወ›?» እያልኩ እጠይቃታለሁ። አውቀዋለሁ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። የተበላሸውን ወረቀት አሁን የሚቆርጠው እሱ ነው። ይጣመምበታል። ስዳስሰው «ይህን ጣለው» እለዋለሁ። ፊት ለፊት የሄዱት ደንበኞች መመለስ ጀምረዋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ሁሉ ዘመን በእኔ ስም ቂም ስትይዢ አላማከርሽኝም። ሚስቱ ደብዳቤሽን ስታነብ መቀሱን ይዤ እየሰማሁ፣ ይቺ ልጅ ለምን አልጠየቀችኝም እል ነበር። ብትጠይቂኝ እሺ እልሽ ነበር። ዝም ያልኩት ይቅር ብዬ አልነበረም። የምናገርበትን ወንበር ወስዶብኝ ነው።

አሁን ፍቅሩን ጨርሶ ወደ ልመናው ገብቷል። ቃል በቃል እንዲህ እያለ ነው፦ «ያቺን የምሳሌ ዓረፍተ ነገር እባክሽ አንሺልኝ። ሱቅ የሚገባ ሁሉ ‹ሀ›ዋን እየነካካ ያነባታል። የፊት ለፊቷም በሯ ላይ ቆማ ለደንበኞቿ ታነብላቸዋለች አሉ። ስለ አያትሽ ብለሽ በወፍ ቀይሪልኝ።» ወንድሜ ነው፤ አሳዘነኝ። ቢሆንም እንዳትነኪያት። እዚያው ትቆይ። ዘንጉም እስከ ጫፍ ይጎተት።

«እንዲነሳልኝ ብለሽ ጻፍሽው?» ይለኛል።

«ጽፌዋለሁ» አልኩት።

«ጥሩ አድርገሽ ጻፊው» አለኝ።

ጥሩ አድርጌ ጽፌዋለሁ አልኩት።

«በይ እንግዲህ አራት ነጥብ አድርጊበት» አለኝ።

አደረግሁበት።